ከእጅ ስልክ ወደ ቴሌቪዥን መስኮት

የእጅ ስልክ ገጽ፣ ብዙ ሰው ስክሪን የሚለው፣ ስፋቱ ከመዳፍ አይበልጥም። ታብሌት የሚባለውም መሣሪያ ቢሆን ከአንድ ደብተር እምብዛም አይሰፋም። አንድ ሰው ብቻውን ሲያነብበት ወይም ሥዕል ሲመለከትበት ይህ መጠን ይበቃዋል። ነገር ግን የሰውን ልብ አሠራር የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በአንድ መምህር ስልክ ውስጥ ቢኖርና ይህንኑ ስድሳ ተማሪዎች ማየት ቢያስፈልጋቸው፣ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ ማዞር ክፍለ ጊዜውን ይጨርሰዋል። በቤትም ቢሆን ከሩቅ አገር የሠርግ ቪዲዮ በተላከ ጊዜ አያት፣ እናት፣ ልጆችና ጎረቤት በአንዲት ስልክ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ከኋላ የቆሙት የሚያዩት ሙሽራዋን ሳይሆን የፊተኞቹን ማጅራት ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ ግን ሰፊ መስኮት ያለው ቴሌቪዥን ተቀምጧል። ስለዚህ ምስሉን ከስልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ ለማሻገር መፈለግ የሚያስገርም አይደለም።

ነገሩ ሲታሰብ ቀላል ይመስላል። ስልኩ ቀዳዳ አለው፤ ቴሌቪዥኑም በጀርባው ብዙ ቀዳዳዎች አሉት፤ በመካከላቸው ገመድ መዘርጋት ብቻ የቀረ ይመስላል። ይሁን እንጂ ገመድ ገዝተው፣ ሰክተው፣ ምንም ያላዩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ገመዱ የተበላሸ መስሏቸው ሁለተኛ የገዙም አሉ። የስሕተቱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም የቀዳዳውን ቅርጽ ተመልክቶ በቀዳዳው ውስጥ የሚያልፈውን ነገር ሳይመረምሩ መቅረት ነው። ሁለት ቢጫ ጀሪካኖች በመልክ አንድ ቢሆኑም አንዱ ውኃ፣ ሌላው ናፍጣ ሊይዝ ይችላል። የስልክና የቴሌቪዥን ቀዳዳዎችም እንዲሁ ናቸው።

በጣም የተለመደውን ስሕተት እንመልከት። የስልክ ቻርጀር ገመድ በአንድ ጫፉ ወደ ስልኩ፣ በሌላው ጫፉ ዩ ኤስ ቢ ወደሚባለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ ይገባል። ቴሌቪዥኑም በጎኑ ወይም በጀርባው ይህንኑ ጠፍጣፋ ቀዳዳ ይዟል። ገመዱ ሲሰካ የስልኩ ባትሪ መሞላት ይጀምራል። ሰውየው ይህን ሲያይ «ተገናኝቷል» ብሎ ይጠብቃል፤ ምስሉ ግን አይመጣም። የማይመጣበትም ምክንያት በቴሌቪዥኑ ላይ ያለው የዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ መሆኑ ነው። ቀዳዳው የተሠራው ፍላሽ ዲስክ ተሰክቶበት በውስጡ የተቀመጡ ፎቶግራፎች፣ ዘፈኖችና ፊልሞች እንዲነበቡ ነው። ቴሌቪዥኑ በዚያ በኩል የተቀመጠ ፋይል ይፈልጋል እንጂ ከሌላ መሣሪያ የሚፈስስ ምስል አይጠብቅም። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ስልኩን እንደ ፍላሽ ዲስክ ቆጥረው ፎቶግራፎቹን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ይህ በስልኩ ገጽ ላይ የሚታየውን ሁሉ ወደ ቴሌቪዥን ማሻገር አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል። የሚፈለገው አንድ ቪዲዮ ማሳየት ብቻ ከሆነ፣ ቪዲዮውን ወደ ፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ፍላሹን በቴሌቪዥኑ ላይ መሰካት ከሁሉ የረከሰና አስተማማኝ መንገድ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ አዲስ መሣሪያ መግዛት ገንዘብን ማባከን ይሆናል።

ምስል በገመድ ውስጥ ሲጓዝ ምን ያህል ጭነት እንደ ሆነ ማወቅ የሚቀጥለውን ነገር ለመረዳት ይጠቅማል። በዛሬው ጊዜ በብዙ ቤት የሚገኘው ቴሌቪዥን በወርዱ 1,920፣ በቁመቱ 1,080 ጥቃቅን ነጥቦች አሉት። ሁለቱ ሲባዙ 2,073,600 ነጥቦች ይሆናሉ። የእያንዳንዱን ነጥብ ቀለም ለመግለጽ 24 ቢት ያስፈልጋል፤ ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የሆነ፣ ከዚያ በታች የማይከፈል የመረጃ ቅንጣት ነው። ስለዚህ አንድ ምስል ብቻውን ወደ 50 ሚሊዮን ቢት ይጠጋል። እንቅስቃሴው ለዓይን እንዳይቆራረጥ በአንድ ሴኮንድ 60 ምስሎች ቢላኩ፣ በየሴኮንዱ የሚያልፈው መረጃ 3 ቢሊዮን ቢት ያህል ይሆናል። በሌላ በኩል ግን በብዙ ስልኮች ላይ ያለው ዩ ኤስ ቢ 2 የተባለው መስመር በሴኮንድ ቢበዛ 480 ሚሊዮን ቢት ነው የሚያስተላልፈው። ጭነቱ መንገዱ ከሚችለው ስድስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ ሁለት አማራጮች ይቀራሉ፤ ወይ መንገዱን ማስፋት፣ ወይ ጭነቱን መጭመቅ። በገመድ የሚደረገው ግንኙነት በአብዛኛው መንገዱን ያሰፋል፤ ያለ ገመድ የሚደረገው ጭነቱን ይጨምቃል። የሁለቱም ጥቅምና ጉዳት ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መንገዱን የማስፋት ታሪክ ስልክ ምስል ማሳየት ከመቻሉ በፊት የጀመረ ነው። በቀድሞዎቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ሦስት ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ቢጫው ምስልን፣ ነጩ የግራን ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝን ድምፅ ይቀበላል። ዲሽ ወይም የዲቪዲ ማጫወቻ ባለበት ቤት ያደገ ልጅ እነዚህን ቀለሞች አይስታቸውም። ለኮምፒዩተር ደግሞ አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1987 ቪ ጂ ኤ የሚባለውን ባለ 15 ፒን ማገናኛ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፒን ማለት በማገናኛው ውስጥ የሚታየው ቀጭን የብረት ጥርስ ነው። ቪ ጂ ኤ ምስልን እንጂ ድምፅን አያስተላልፍም። በ2002 መጨረሻ ላይ ሂታቺ፣ ፊሊፕስ፣ ሶኒ፣ ቶሺባና ሌሎች ኩባንያዎች ተባብረው ኤች ዲ ኤም አይ የተባለውን ባለ 19 ፒን ማገናኛ አስተዋወቁ። ይህ ማገናኛ ምስሉንና ድምፁን ባንድነት፣ በአንድ ገመድ ያስተላልፋል። ዛሬ አዲስ ሆኖ የሚሸጥ ቴሌቪዥን ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ቀዳዳ አለው፤ የዲሹ ሪሲቨር ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኘውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ነው። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ በር የታወቀ ነው። አስቸጋሪው የስልኩ በር ነው።

ጥቂት ስልኮችና ታብሌቶች የኤች ዲ ኤም አይን ቀዳዳ በትንሹ ይዘው ወጥተው ነበር። ነገር ግን በአንድ ቀጭን ስልክ ላይ ለምስል ብቻ የሚሆን ሌላ ቀዳዳ መክፈት ለአምራቾች አልተመቸም። ስለዚህ ያው የቻርጀሩ ቀዳዳ ምስልም እንዲያወጣ ታሰበ። በ2010 ኖኪያ፣ ሳምሰንግ፣ ሶኒ፣ ቶሺባና ሲሊኮን ኢሜጅ የተባሉ ኩባንያዎች ለዚህ ሥራ ኤም ኤች ኤል የሚባል ሥርዓት አቋቋሙ። በስልኩና በቴሌቪዥኑ ገመድ መካከል አንድ አዳፕተር ይገባል፤ አዳፕተር ማለት አንዱን የማገናኛ ዓይነት ወደ ሌላው የሚለውጥ ትንሽ መሣሪያ ነው። በ2011 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 2 ምስሉን ያወጣ የነበረው ባለ 5 ፒን በሆነው ተራ የማይክሮ ዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ጋላክሲ ኤስ 3 ግን ከውጭ ሲያዩት ያንኑ የሚመስል፣ በውስጡ ግን 11 ፒን ያለው ቀዳዳ ይዞ መጣ። ለቀድሞው ስልክ የተገዛው አዳፕተር በአዲሱ ላይ ሲሰካ ይገባል፤ ምስል ግን አይሰጥም። ምስል እንዲሰጥ ሌላ ትንሽ ጫፍ መግዛት አስፈለገ። በዚያው በ2012 ጎግልና ኤል ጂ ያወጡት ኔክሰስ 4 ደግሞ ስሊምፖርት የተባለ ሌላ ሥርዓት መረጠ። ሦስት ስልኮች፣ አንድ የሚመስል ቀዳዳ፣ እርስ በርሳቸው የማይተካኩ ሦስት አዳፕተሮች! ገዢው ግራ ቢጋባ የሚፈረድበት አይመስለኝም። ዛሬ ሁለቱም ሥርዓቶች በአዳዲስ ስልኮች ላይ አይገኙም።

አሁን በስፋት የሚታየው ታይፕ ሲ የሚባለው ሞላላ ማገናኛ ነው። ይፋ የሆነው በ2014 ነው፤ ተገልብጦም ቢሰካ ይገባል፤ በውስጡም 24 ፒኖች አሉት። ከእነዚህ መካከል ብዙ መረጃ በፍጥነት ሊያስተላልፉ የሚችሉ አራት ጥንድ መስመሮች ይገኛሉ። በዚያው ዓመት ዲስፕሌይፖርት የተባለው የምስል ማስተላለፊያ ሥርዓት በእነዚህ መስመሮች እንዲያልፍ ስምምነት ተደረገ። አሠራሩ ሊታወቅ የሚገባው ነው። አዳፕተሩ በተሰካ ጊዜ ስልኩና አዳፕተሩ ለዚህ በተመደበች አንዲት ሽቦ አስቀድመው ይነጋገራሉ። ስልኩ «አንተ ማን ነህ? ምንስ መሥራት ትችላለህ?» እንደ ማለት ይጠይቃል፤ አዳፕተሩም «ምስል ተቀባይ ነኝ» ሲል ይመልሳል። ስልኩ ምስል የመላክ ችሎታ ካለው ፈጣኖቹን መስመሮች ለምስሉ ይለቅቃል፤ ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ ምስሉ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ይታያል። ችሎታው ከሌለው ንግግሩ በዚያው ይቋረጣል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ምስል የመላክ ችሎታ በታይፕ ሲ ቀዳዳ ላይ ግዴታ አይደለም። አምራቹ ከፈለገ ይጨምረዋል፤ ካልፈለገ ይተወዋል። በብዙ ዝቅተኛ ዋጋ ባላቸው ስልኮች ላይ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ተትቷል። ከውጭ የሚታየው ቀዳዳ ታይፕ ሲ ነው፤ በውስጡ የተዘረጉት ግን የዩ ኤስ ቢ 2 መስመሮች ብቻ ናቸው። ከዚህም አልፎ መንገዱ ተሠርቶ በሩ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። በ2023 የወጣው የጎግል ፒክስል 8 ስልክ ለሽያጭ ሲቀርብ በገመድ ምስል አያወጣም ነበር፤ በ2024 በተላከ የፕሮግራም ማሻሻያ ግን ያው ስልክ፣ አንዲት ብሎን ሳይለወጥበት፣ ምስል ማውጣት ጀመረ። አፕል የተባለው ኩባንያም በ2012 ላይትኒንግ የሚባል የራሱን ማገናኛ አውጥቶ ስለ ነበር፣ የአይፎን ባለቤቶች ለዓመታት ልዩ አዳፕተር መግዛት ነበረባቸው። በ2023 የወጣው አይፎን 15 ታይፕ ሲን ሲይዝ ምስል የመላክ ችሎታንም ጨመረ። አይፓድ ፕሮ የተባለው ታብሌት ግን ይህን ችሎታ ያገኘው ቀደም ብሎ በ2018 ነው።

ከዚህ የተነሣ፣ አዳፕተር ከመግዛት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ «ስልኬ ታይፕ ሲ ነውን?» የሚል ሳይሆን «ስልኬ በታይፕ ሲ ምስል ያወጣልን?» የሚል መሆን አለበት። መልሱ አምራቹ ስለ ስልኩ ባወጣው ዝርዝር መግለጫ ውስጥ ይገኛል፤ ዲስፕሌይፖርት የሚለው ቃል ወይም በኤች ዲ ኤም አይ ምስል ማውጣት እንደሚቻል የሚገልጽ ሐረግ መፈለግ ነው። መግለጫው ስለዚህ ጉዳይ ምንም ካላለ፣ ስልኩ አይችልም ብሎ መነሣት ይሻላል። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ የሚሆነው ግን ስልኩን ይዞ ወደ ሱቅ ሄዶ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት አዳፕተሩን በሻጩ ቴሌቪዥን ላይ ማስሞከር ነው። ሻጩ ለማስሞከር ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሱቅ መሞከር ነው። ከፍሎ ቤት ከገቡ በኋላ መጠየቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ገመዱም ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ከስልኩ ጋር በካርቶን ውስጥ የሚመጣው የቻርጀር ገመድ ሁለቱም ጫፎቹ ታይፕ ሲ ቢሆኑም ብዙውን ጊዜ ፈጣኖቹ ጥንድ ሽቦዎች የሉትም። ስለዚህ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለውን የኮምፒዩተር ሞኒተር ከስልክ ጋር በዚያ ገመድ ለማገናኘት የሞከረ ሰው፣ ስልኩም ሞኒተሩም ደኅና ሆነው ሳለ፣ ጨለማ ብቻ ያያል። ኃይልንም ማሰብ ያስፈልጋል። አዳፕተሩ የሚሠራው ከስልኩ ባትሪ በሚወስደው ኃይል ስለ ሆነ፣ ረዥም ፊልም ወይም የግማሽ ቀን ትምህርት ባትሪውን ሊጨርስ ይችላል። ቻርጀር የሚሰካበት ተጨማሪ ቀዳዳ ያለው አዳፕተር ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም ይህን ችግር ያስወግዳል። ምስል የማያወጣ ስልክ ላላቸውም ምስሉን ጨምቀው በተራው የዩ ኤስ ቢ መስመር የሚያሳልፉ፣ በስልኩ ላይ ልዩ ፕሮግራም የሚጠይቁ አዳፕተሮች አሉ፤ ሆኖም ዋጋቸው ከተራው ይበልጣል።

ቴሌቪዥኑ የቀድሞ ሆኖ ባለ ሦስት ቀለም ቀዳዳዎች ብቻ ያሉት ከሆነ፣ በመካከል ኮንቨርተር የሚባል ሳጥን ያስፈልጋል። ኮንቨርተሩ የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከኤች ዲ ኤም አይ ወደ ባለ ሦስት ቀለሙ የሚለውጥ አለ፤ ከባለ ሦስት ቀለሙ ወደ ኤች ዲ ኤም አይ የሚለውጥም አለ። ሁለቱ ሳጥኖች በመልክ መንትያ ናቸው። ለስልክና ለቀድሞ ቴሌቪዥን የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነው። ምስሉ ግን ከቴሌቪዥኑ አቅም በላይ ሊጠራ አይችልም፤ ትንንሽ ፊደላት ይደበዝዛሉ።

ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ያለ ገመድ ወደሚደረገው ግንኙነት እንለፍ። በዚህ ዘዴ ስልኩ በገጹ ላይ ያለውን ምስል እየጨመቀ በዋይፋይ ሞገድ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑም ተቀብሎ ይዘረጋዋል። የቀዳዳው ዓይነት ምንም ለውጥ ስለማያመጣ፣ በገመድ ምስል ለማያወጡት ስልኮች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በ2012 ሚራካስት የተባለው ሥርዓት ይፋ ሆነ፤ በብዙ የአንድሮይድ ስልኮችና ስማርት በሚባሉት ቴሌቪዥኖች ውስጥ ይገኛል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የሚጠራበት ስም እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ሳምሰንግ ስማርት ቪው ይለዋል፤ ሌሎች ካስት ወይም ስክሪን ሚረሪንግ ይሉታል። የአፕል መሣሪያዎች ሚራካስትን አያውቁትም፤ በ2010 የተጀመረ ኤርፕሌይ የሚባል የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ከ2019 ወዲህ የሌሎች ኩባንያዎች ቴሌቪዥኖችም ይቀበሉታል። ጎግል በ2013 ክሮምካስት የተባለ፣ በቴሌቪዥኑ የኤች ዲ ኤም አይ ቀዳዳ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ አውጥቶ ነበር፤ ምርቱ መቆሙ የተገለጸው በ2024 ነው። የጎግል ፒክስል ስልኮችም በበኩላቸው ከሚራካስት ጋር አይሠሩም። ስለዚህ ያለ ገመድ ሲሆንም ስልኩና ቴሌቪዥኑ አንድ ቋንቋ መናገራቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ያለ ገመድ የሚደረገው ግንኙነት የኢንተርኔት ገንዘብ ይበላል ብለው የሚፈሩ አሉ። ፍርሃቱ በከፊል እውነት፣ በከፊልም ከንቱ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። የመጀመሪያው ገጹን እንዳለ ማንጸባረቅ ነው። በሚራካስት ሲንጸባረቅ ስልኩና ቴሌቪዥኑ በቀጥታ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ኢንተርኔት የለም። በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ቪዲዮ በዚህ መንገድ ቢታይ ከጥቅሉ አንዲት ሜጋ ባይት አይጎድልም፤ ኔትዎርክ በማይደርስበት ገጠር ውስጥም ይሠራል። ሁለተኛው ካስት ማድረግ የሚባለው ነው። ለምሳሌ ዩቲዩብ በስልክ ተከፍቶ ወደ ቴሌቪዥን ካስት ሲደረግ፣ ስልኩ ለቴሌቪዥኑ የቪዲዮውን አድራሻ ይነግረዋል፤ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት የሚያወርደው ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። ስልኩ በዚያን ጊዜ እንደ ሪሞት ሆኖ ያገለግላል እንጂ ምስሉ በእርሱ በኩል አያልፍም። ቴሌቪዥኑ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከዚያው ስልክ በሆትስፖት ከሆነ ግን የስልኩ ጥቅል በፍጥነት ያልቃል። ወላጆች «ጥቅሉ የት ገባ?» ሲሉ የሚሰማው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ጭነትን መጨመቅ ዋጋ ያስከፍላል። ስልኩ ምስሉን ለመጭመቅ፣ ቴሌቪዥኑም ለመዘርጋት ጊዜ ስለሚወስዱ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ነገር ከስልኩ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይህ አይታወቅም፤ ጨዋታ ለሚጫወት ግን ኳሱ ካለፈ በኋላ እንደ መምታት ነው። በአካባቢው ብዙ የዋይፋይ መሣሪያዎች ካሉም ምስሉ ሊቆራረጥ ይችላል። ምርጫው ባለበት ቦታ ገመድ ይሻላል እላለሁ፤ በየክፍሉ እየዞረ ለሚያስተምር መምህር ግን ገመድ አልባው ይቀላል።

ምስሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ከደረሰ በኋላም ጥቂት እንግዳ ነገሮች ያጋጥማሉ። ስልኩ ቀጥ ብሎ ከተያዘ ምስሉ በቴሌቪዥኑ መካከል እንደ ቀጭን ምሰሶ ቆሞ ግራና ቀኙ ይጨልማል፤ ስልኩን አግድም ማዞርና በማስተካከያው ውስጥ ገጹ እንዲዞር መፍቀድ ያስፈልጋል። አንዳንድ ፊልሞችን የሚያቀርቡ ድርጅቶች ሥራቸው እንዳይገለበጥ ጥበቃ ስለሚያደርጉበት፣ ሌላው ሁሉ እየታየ ፊልሙ ብቻ ጥቁር ሆኖ ድምፁ ሊሰማ ይችላል፤ ይህ የገመድ ብልሽት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ የሚያስደስት ነገር አለ። በ2017 ከጋላክሲ ኤስ 8 ጋር የመጣው ዴክስ የተባለው ሥርዓት፣ እንዲሁም በዚያው ዓመት የወጣው ሁዋዌ ሜት 10፣ ከትልቅ መስኮት ጋር ሲገናኙ የስልኩን ገጽ በማንጸባረቅ ፈንታ እንደ ኮምፒዩተር ያለ ሰፊ ጠረጴዛ ይዘረጋሉ። ኪቦርድና ማውዝ ከተጨመረ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሒሳብ መሥራት፣ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል። ኮምፒዩተር መግዛት ለማይችል ተማሪ፣ እንዲህ ያለ ስልክ በቤቱ ካለ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በትምህርት ቤት ስለሚኖረው ጥቅም አንድ ንጽጽር ማድረግ ይቻላል። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ነበር። በየክፍሉ ትልቅ መስኮት መግባቱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ትምህርቱ ለሁሉም በአንድ ሰዓት ይሠራጭ ስለ ነበር መምህሩ ሊያቆመው ወይም ወደ ኋላ ሊመልሰው አልቻለም። ያልገባው ተማሪ እጁን ሲያወጣ በመስኮቱ ላይ ያለው መምህር ንግግሩን ይቀጥላል። ምስሉ ከመምህሩ ስልክ ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። መምህሩ የልቡን ሥዕል በሚፈልግበት ቦታ ያቆመዋል፤ በጣቱ ያሰፋዋል፤ ጥያቄ ሲነሣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። አንድ ተማሪ የጻፈውን ድርሰት በካሜራ አንሥቶ ወዲያው ለክፍሉ ማሳየትና የቃላቱን አጻጻፍ ማረምም ይችላል።

ይሁን እንጂ ገጹ ሲንጸባረቅ ሁሉም ይንጸባረቃል። በትምህርቱ መካከል ከባንክ የመጣ መልእክት፣ ከቤተ ሰብ የተላከ ምስጢር፣ ቀደም ሲል የተነሡ ፎቶግራፎች በስድሳ ሰዎች ፊት ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ከማገናኘት በፊት ስልኩ መልእክት እንዳያሳይ ማድረግ፣ የማያስፈልጉትንም ፕሮግራሞች መዝጋት ይገባል። የራሳቸውን ስልክ ለክፍል ሥራ የሚያውሱ ተማሪዎችም ይህን አስቀድመው ቢያደርጉ ይጠቀማሉ፤ ሰው ፊት የወጣን ነገር መልሶ መሸሸግ አይቻልምና።

በመጨረሻም አሰካኩን እንይ። አዳፕተሩ በስልኩ ላይ፣ የኤች ዲ ኤም አይ ገመዱ በአዳፕተሩና በቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል። ገመዱን መጎተት ቀዳዳውን ስለሚያላላ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። መብራት በሚጠፋበትና በድንገት በሚመለስበት ሰፈር፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩን መንቀል ብልህነት ነው። ቴሌቪዥኑ ከተከፈተ በኋላ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ካሳየ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ በሌላ ቀዳዳ እየጠበቀ ነው። በሪሞቱ ላይ ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለው ቁልፍ ይጫንና ገመዱ የተሰካበት ቀዳዳ ቁጥር፣ ለምሳሌ ኤች ዲ ኤም አይ 2፣ ይመረጣል። አሁንም ካልታየ ሪሲቨሩ የሚሠራበት ገመድ ተነቅሎ በአዳፕተሩ ላይ ይሞከር። በደኅናው ገመድም ምስል ካልመጣ፣ አዳፕተሩን ምስል እንደሚያወጣ በታወቀ ሌላ ስልክ ላይ መሰካት ነው። በዚያኛው ስልክ ላይ ከሠራ፣ ችግሩ ያለው በመጀመሪያው ስልክ ቀዳዳ ውስጥ ነው።